የአስረሳች ስንዝር

ሰመራ መናኸሪያ የአዋሽ መኪና እስኪሞላ ስንጠብቅ ገና ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር፤ ፀሐዩ ግን እንደ እኩለ ቀን ያቃጥላል። እኔና ባለቤቴ አስረሳች ከሐኪም ቤት መመለሳችን ነው። በዋዜማው ሐኪሙ ቀኝ እጇን አገላብጦ አየ፣ ፎቶ አስነሣ፣ ከዚያ ወንበሩን ወደ እሷ ስቦ፣

«እናቴ፣ የአውራ ጣትዎ መገጣጠሚያ አልቋል። መድኃኒቱ ሕመሙን ያስታግሳል እንጂ ጣቱን አይመልሰውም። ከእንግዲህ መቀስ አይያዙ» አላት።

«መቀስ ካልያዝኩ ምን ልያዝ? መቁጠሪያ?» አለችው።

ሐኪሙ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

አስረሳች በአዋሽ ሰባት ከሠላሳ ዓመት በላይ ድሪቶ ስትሰፋ የኖረች ሴት ናት። ድሪቶ ሲባል ሰው ቡትቶ ይመስለዋል። የእሷ እንደዚያ አልነበረም። ከልብስ ሰፊዎች የሚተርፈውን ቁርጥራጭና አሮጌ ሰልባጅ አጥባ፣ በስንዝሯ እየለካች አራት ማዕዘን ትቆርጠዋለች፤ ወርዱን ዘጠኝ፣ ቁመቱን አሥራ ሁለት አድርጋ ትገጣጥመዋለች። ከሥሩ ገበር፣ ከመሐሉ ከአካባቢው እርሻ የሚመጣ ጥጥ አስገብታ በረጅም ስፌት ትይዘዋለች። የሚወስዱት ሾፌሮች ናቸው። የጅቡቲ ድንበር ገላፊ ላይ ሰልፍ ሲይዛቸው ከተሳቢው ሥር አንጥፈው ይተኙበታል፤ በደሴ በኩል ወደ ብርዱ ሲወጡ ደግሞ ይለብሱታል። እኔም በዚያው መስመር ሃያ ሰባት ዓመት ስነዳ ከእሷ ድሪቶ ሌላ አልጋ አላውቅም ነበር።

የምታግዛት ሄዋን የምትባል ጎረቤታችን ናት። ሄዋን ትሰፋለች እንጂ አትቆርጥም። ሁለት ጊዜ ሞክራ የእሷ ቁራጭ ከአስረሳች ቁራጭ ጋር አልገጥም ብሎ ድሪቶው መሐሉ ላይ እንደ ጉብታ ተነሣ። ከዚያ ወዲህ አስረሳች መቀሷን ለማንም ሰጥታ አታውቅም። ስለዚህ ሐኪሙ «መቀስ አይያዙ» ሲል አንድ ሙሉ ሥራ ማቆሙ ነበር። እሱ አላወቀም። እኔ አውቄያለሁ።

መኪናው ሊነሣ ሲል አንዲት ወጣት ልጅ በነጠላ የተጠቀለለ ከባድ ነገር ታቅፋ መጣች። ረዳቱ በሩ ላይ ቆመባት።

«እሱ ጣሪያ ላይ ነው የሚጫነው!»

«ላይ አይወጣም፤ ስለት አለው። ከወደቀ ይበላሻል።»

«ስለት ካለውማ ጭራሽ አይገባም!»

«ወላሂ ጭኔ ላይ ነው የማደርገው፤ ማንንም አይነካም።»

«እንግዲህ ጭንሽ እስከ አዋሽ ከቻለ ግቢ» ብሎ አሳለፋት። መጥታ ከአስረሳች ጎን ተቀመጠች። አስረሳች ነጠላውን በዓይኗ ስትመዝን ቆየችና ጠየቀች።

«ምንድን ነው ልጄ? ሥጋ መፍጫ ነው?»

«አይደለም እማማ። ጨርቅ መቁረጫ ነው።»

«እኛ ሰፈር እሱን መቀስ እንለዋለን።»

ከኋላችን የተቀመጠው ሰው ሳቀ። ልጅቱም አብራ ሳቀችና ነጠላውን ገለጠችው። ሁለት ወፍራም የብረት ዘንጎች አንዱ በአንዱ ላይ ተኝተዋል፤ በጎኑ እንደ ጉድጓድ ውኃ መሳቢያ ያለ እጀታ አለው። ከእሱ ጋር አንድ ጣውላ ይዛለች፤ በጣውላው ላይ የተተከለ ስለት አራት ማዕዘን ሆኖ በወፍራም ስፖንጅ ተሸፍኗል።

«ጨርቁን ስድስትም ስምንትም አድርገው ይደራርቡና በዚህ ጣውላ ላይ ያነጥፉታል» አለች። «ከላዩ ፕላስቲክ ያደርጋሉ። ከዚያ በሁለቱ ብረቶች መሐል ሲያሳልፉት ስፖንጁ ይጫናል፣ ስለቱ ይወጣል፣ ስምንቱም እኩል ይቆረጣል። እጅ ከስለቱ ጋር አይገናኝም። ሰኢዳ እባላለሁ፤ ሰመራ ኮሌጅ ልብስ ስፌት ተምሬ ነው። ማሽኑን ወንድሜ ከጅቡቲ አመጣልኝ። አሁን አክስቴ ዘንድ አዋሽ መግባቴ ነው፤ እዚያ ድሪቶ የሚሰፉ አንዲት ትልቅ ሴት አሉ ብለውኛል።»

አስረሳች ወደ እኔ ዘወር አለች። አፌን ልከፍት ስል በክርኗ ነካችኝ።

«እሷን ምን ልታደርጊያት ነው?»

«እንዲያስተምሩኝ። እኔ መቁረጫ አለኝ፤ ሙያው የለኝም።»

«እንግዲያው አገኘሻት፤ ይችውልሽ። ግን ልጄ፣ በከንቱ ደክመሻል፤ እኔ ብረት አላስተምርም።»

ሰኢዳ ደነገጠች፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ የአስረሳችን ጉልበት ሳመች። እንዲህ ባለ አጋጣሚ የተጀመረው ክርክር አዋሽ ስንገባም አልተቋጨም። እኔ መሐል አልገባሁም። ሁለቱም እውነት አላቸው ብዬ ሳይሆን፣ ደክሞኝ ነበር።

«ምኑ ነው ደስ ያላለዎት እማማ?» አለች ሰኢዳ።

«ብረት ዓይን የለውማ! አንድ ሸሚዝ ብትሰጪኝ የብብቱ ላብ የበላው የት እንደሆነ፣ የቱ ገና አሥር ዓመት እንደሚያገለግል፣ እኔ እየዞርኩ ነው የምቆርጠው። ያንቺ ብረት ደህናውንም የተበላውንም እኩል ይከረክመዋል።»

«ጨርቁን ጣውላው ላይ የሚያነጥፈው ሰው ነው፤ ዓይኑ ከእርስዎ ዘንድ አይወጣም። የሚያርፈው እጅዎ ብቻ ነው።»

«እጄ ዕረፍት ጠይቆሻል?»

ሰኢዳ በፋሻ የተጠቀለለውን አውራ ጣት አየችና ማሽኗን በነጠላው መልሳ ሸፈነች። አለመጠየቋን ወደድኩላት።

«ደግሞ ሁሉም አንድ ዓይነት ሲሆን ምን ያምራል?» ቀጠለች አስረሳች። «እንደ ቆርቆሮ ጣራ! ሾፌሩ የእኔን ድሪቶ ከሩቅ ያውቀዋል። እጄን ነው የሚያውቀው።»

«ቀለሙን የሚያዋድዱት እርስዎ አይደሉም? ከቢጫው ጎን ሰማያዊ ይምጣ የሚሉት እርስዎ ነዎት። ማሽኑ ልክ ብቻ ነው የሚሰጠው። ልኩ አንድ ከሆነ እርስዎ ሲደክምዎት ሌላ ሰው ይቆርጣል፤ የሌላ ሰው ቁራጭም ከእርስዎ ጋር ይገጥማል።»

«የምታግዘኝ ሄዋን ቁራጯ ከእኔ አልገጥም ያለው በስንፍናዋ ነው!»

«ስንፍና ላይሆን ይችላል እማማ። የእሷ ስንዝር ሌላ፣ የእርስዎ ስንዝር ሌላ ነው።»

መንገድ ላይ ካለችው አዳይቱ ስንደርስ ሰው ውኃ ሊገዛ ወረደ። ለአስረሳች አንድ ጠርሙስ አመጣሁላት። ክዳኑን ልትከፍት ያዘችው፤ ጣቷ እንቢ አላት። በጥርሷ ልትከፍተው ስታነሣው ሰኢዳ ከእጇ ወስዳ ከፈተችና መለሰችላት። አስረሳች ጠጣች። ከዚያ፣ አሁንም እንደማስታውሰው፣ ቀኝ እጇን በጉልበቷ ላይ ዘርግታ አየችው።

«ስሚኝ ልጄ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሜትር ይጠፋል፣ መቀስ ይደንዛል፣ ጨርቅ ይነጣል። ይህ ስንዝር ግን ሠላሳ ዓመት አልተለወጠም። በእሱ ነው የኖርኩት። ይህን ትቼ የብረት ልክ የምከተልበት ምክንያት የለኝም።»

ከዚህ በኋላ ሁለቱም ተኙ።

ሰኢዳ አዋሽ ከገባች በኋላ በየሁለት ቀኑ ቤታችን ትመጣ ጀመር። ማሽኗን ይዛ አትመጣም ነበር፤ ባዶ እጇን መጥታ ጥጥ ትፈለቅቃለች፣ ክር ታስገባለች፣ ስድብም ትሰማለች። አስረሳች የሐኪሙን ቃል አልሰማችም፤ ፋሻውን ፈታ የመቀሱን እጀታ በጨርቅ ጠቅልላ ትይዝ ነበር። በቀን አሥር ቁራጭ ቆርጣ ከቀትር በኋላ እጇን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ነክራ ትቀመጣለች። «ተይው» ስላት፣ «አንተ ጡረታህን ብላ ሹፌሩ» ትለኛለች።

አንድ ቀን አብዱናሲር የሚባል የጅቡቲ መስመር ሾፌር መጣ፤ የድሮ ወዳጄ ነው። ያረጀ ድሪቶ ተሸክሟል።

«እትዬ አስረሳች፣ ይህን ታስታውሽዋለሽ?»

«የእጄን ሥራ ላላስታውስ? ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ስታገባ የሰፋሁልህ ነው።»

«አራት ቁራጩን ባትሪ አሲድ በላው። ቀይሪልኝ።»

«አምና አዲስ ሰጥቼህ የለም እንዴ?»

አብዱናሲር ራሱን አከከ። «ይቅር በይኝና እሱ እግሬን ያወጣዋል። ይህኛው ነው የሚበቃኝ።»

«አንተ ረዝመህ ነዋ!»

«በሃምሳ ሦስት ዓመቴ?»

«በሆድህ በኩል ረዝመሃል። ሂድ፣ ከጅቡቲ ስትመለስ ና።»

ሁላችንም ሳቅን። ይህን ነገር እሱ ብቻ አልነበረም የተናገረው፤ ባለፉት ሦስት አራት ዓመታት ሌሎችም «እግራችንን ያወጣል» ብለው ነበር። ለሁሉም የምትሰጠው መልስ አንድ ነበር፦ የዘንድሮ ሾፌር ረጅም ነው።

አሲድ የበላቸውን አራት ቁራጮች ሄዋን በጥንቃቄ ተረተረችና አወጣች። አስረሳች አራት አዲስ ጨርቅ በስንዝሯ ለክታ ቆረጠች። ሄዋን የመጀመሪያውን ልትሰፋ በቦታው አስቀመጠችው፤ ከዚያ ወደ አስረሳች ቀና አለች።

«እትዬ፣ አልሞላም።»

«ወደ አንድ በኩል ስበሽው ነው።»

«አልሳብኩትም። ይኸው፣ ዙሪያውን ጎድሏል።»

አስረሳች ተቆጥታ ሌላ ቆረጠች። እሱም ጎደለ። ሦስተኛ ቆረጠች፤ እያመማት እንደሆነ ከከንፈሯ አያለሁ። ሦስተኛውም ጎደለ።

«ጨርቁ አርጅቶ ተለጥጧል» አለች። «ጥጥ ሲያረጅ ይሰፋል።»

ሰኢዳ ጥጥ መፈልቀቋን ትታ ነበር። መናገር እንደምትችል አውቃለሁ፤ በትምህርቷ የሜትርን ነገር የምታውቀው እሷ ናት። እሷ ግን ከተተረተሩት አሮጌ ቁራጮች አሲዱ ዳሩን ያልነካውን አንዱን አንሥታ፣ አቧራውን አራግፋ፣ አስረሳች ፊት ምንጣፉ ላይ አነጠፈችው። አዲሱን ቁራጭ በላዩ አስቀመጠችው። በአንድ ጣት ወርድ አንሷል።

አስረሳች ጎንበስ ብላ ተመለከተችው። ከዚያ እጇን አሮጌው ጨርቅ ላይ አኖረች። የመሐል ጣቷን ጫፉ ላይ ተከለች፤ አውራ ጣቷን ዘረጋች። አልደረሰም። በግራ እጇ አውራ ጣቷን ይዛ ጎተተችው፤ ፊቷ ተጨማደደ፤ አሁንም አልደረሰም። የቀረው አንድ ጣት ነበር።

 ውጭ የከባድ መኪና ፍሬን ይጮኻል።

«አንድ ጣት» አለች በመጨረሻ። «ቁመቱ አሥራ ሁለት ቁራጭ ነው። አሥራ ሁለት ጣት ስንት ነው ደጀን?»

«አንድ ስንዝር» አልኳት።

«አንድ ሙሉ ረድፍ ሰርቄያቸዋለሁ ማለት ነው።»

«አልሰረቁም እማማ» አለች ሰኢዳ።

«እንግዲያ ምን ይባላል? ሰዉን ረዘምክ እያልኩ፣ ጨርቁን ሰፋህ እያልኩ፣ ይችን ምስኪን ሰነፍ እያልኩ...» ወደ ሄዋን አገጯን ቀሰረች። «ያጠርኩት እኔ ነኝ።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። ይህ የእሷ ጥፋት ብቻ አልነበረም። እኔም መነጽር እስካደርግ ድረስ ሁለት ዓመት ሙሉ የመኪናዬን መብራት ስረግም፣ አምፖል ሳስቀይር ኖሬያለሁ። ሰው ሲደክም ድካሙ ቀስ ብሎ ስለሚመጣ አይታወቀውም፤ የሚታወቀው ዓለም ልክ ያጣ መምሰሉ ነው። በእጁና በዓይኑ ብቻ የሚለካ ሰው እጁና ዓይኑ ሲዋሹት የሚነግረው የለም። ልክን ከራስ ውጭ ማስቀመጥ ያስፈለገው ለዚህ ይመስለኛል። ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከዚያች ቁራጭ ጨርቅ ነው።

«ብረትሽን አምጪው» አለች አስረሳች።

ሰኢዳ ሄዳ ይዛ መጣች። ግን ጣውላዋ ላይ ያለው ስለት የፋብሪካ ልክ ነው፤ ለድሪቶው በጣም ያንሳል። በእሱ ልክ ድሪቶውን እንደ አዲስ ማስላት እንደሚቻል ሰኢዳ አስረዳች። አስረሳች አልፈለገችም።

«ሌላ ስለት ማስተከል አይቻልም?»

«ይቻላል፤ ብረት የሚያውቅ ሰው ካገኘን። እጅዎን ይስጡኝና ልለካው።»

አስረሳች እጇን ደበቀች።

«የዛሬውን እጄን አይደለም» አለች። አሮጌውን ቁራጭ አጣጥፋ ሰጠቻት። «በዚህ ልክ ይሁን።»

ጋራዥ የሚሠራው ካሕሳይ ከእንጨት መሰንጠቂያ መጋዝ የተረፈ ቀጭን ብረት አጥፎ፣ ስሎ፣ ጣውላ ላይ ተከለልን። የመጀመሪያው አልሆነም። ማዕዘኑ ላይ ክፍተት ነበረውና ክሩን ሳይቆርጥ ይተወዋል። አስረሳች አይታ፣ «ይሄማ እንደ አይጥ ነው የሚበላው!» ብላ መለሰችው። ካሕሳይ፣ «እናቴ፣ እኔ የለመድኩት የመኪና ባሌስትራ ነው፤ ለድሪቶ ታገሡኝ» ብሎ እንደገና ሠራው። ሁለተኛው ሆነ።

የመጀመሪያውን ጨርቅ ያነጠፈችው ሰኢዳ ናት። ስምንት ድርብ አድርጋ አሳለፈችው፤ ስምንት እኩል ቁራጭ ወጣ። ደስ ብሏት ለሄዋን ሰጠቻት። ሄዋን ስትሰፋው ግን ቁራጮቹ ወደ ጎን እየተንሻፈፉ አስቸገሯት። አሁን የምትስቀው አስረሳች ሆነች።

«የተማርሽው ይኼንን ነው? ጨርቁን በሰያፍ አንጥፈሽዋል! ክሩ በጣውላው ቀጥታ መሄድ አለበት። ካልሆነ ሲሳብ ይለጠጣል።» አንድ ጨርቅ አንሥታ በግራ እጇ ዳሩን እየዳሰሰች ክሩን ከጣውላው ጋር ቀጥ አድርጋ አስይዛ አነጠፈችው። «ብረትሽ ልክ ያውቃል፤ ክር አያውቅም።»

«ለዚህ ነው የመጣሁት እማማ፤ እኔም የአሮጌ ጨርቅ ክር ማስያዝ አላውቅም ነበር» አለች ሰኢዳ።

እንዲህ ሆኖ ክርክሩ አለቀ። አስረሳች ጨርቁን ትመርጣለች፣ የላብ ቦታውን ትሸሻለች፣ ክሩን ታስይዛለች። እጀታውን ሰኢዳ ወይም ሄዋን ያዞራሉ፤ አንዳንዴ እሷው በግራ እጇ ታዞረዋለች፣ እንደ ልጅ ደስ እያላት። ድሮ ቀን ሙሉ ይፈጅ የነበረው የአንድ ድሪቶ መቁረጥ ከቁርስ እስከ ምሳ ባለው ጊዜ ያልቃል። ሄዋን የቆረጠችው ከሰኢዳ ይገጥማል፤ የዛሬው ከድሮው ይገጥማል። መቀሱ ግድግዳው ላይ ተሰቀለ። እጅን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ መንከሩ ቀረ። ውኃ ጠርሙስ በራሷ መክፈት አልቻለችም፤ ያ አልተመለሰም።

አብዱናሲር ሲመጣ አራቱ ቁራጮች በቦታቸው ገብተው ነበር። ድሪቶውን ግቢያችን መሬት ላይ አንጥፎ ጫማውን አወለቀና ተኛበት።

«እግሬ ገባ» አለ።

«አጥረህ ነዋ» አለችው አስረሳች። ከዚያ ፊቷን ከቀልዱ መልሳ፣ «የአምናውን አምጣው፤ አንድ ረድፍ እጨምርበታለሁ። ሌሎቹንም ንገራቸው፤ እግሩ የወጣበት ሁሉ ያምጣ» አለችው።

አመጡ። ከዲቾቶ፣ ከገላፊ፣ ከመንገድ ሁሉ አመጡ። አሥራ ሰባት ድሪቶ ነበር። በእያንዳንዱ ላይ፣ ከወርዱ የተረፈውን ወደ ውስጥ እያጠፉ፣ አንድ አንድ ረድፍ ጨመሩበት። አሥራ ሰባተኛው ካለቀ በኋላ አስረሳች ብዙ አልቆየችም። ልቧ ነው፤ ከማሽኑም ከመቀሱም ጋር አይገናኝም። አንድ ጠዋት «ደክሞኛል ሹፌሩ» አለችኝ፤ እኔም «ማን ያልደከመው አለ» አልኳት። ለመጨረሻ ጊዜ የተናገርኳት ይህን ነው።

ለቅሶ ከመጡት አንዳንዶቹ ሥራው እንደሚቀር አስበው ነበር። አልቀረም። ሄዋንና ሰኢዳ ይሠራሉ፤ ሁለት ሴቶችም ተጨምረዋል፤ አንዷ መቀስ የማትይዝ፣ ከአደጋ የተረፈች አንድ እጅ ያላት ናት። አስረሳች እንደ ድሮው ቆርጣ ብትሞት ኖሮ ልኳ አብሯት መሬት ይገባ ነበር። ይህን የምጽፈው በሙያችሁ ለምትኮሩ ነው፦ ልካችሁን እጃችሁ ደህና ሳለ ሌላ ነገር ላይ አኑሩት። አዲሱ ነገር ሙያችሁን አይወስድባችሁም፤ እናንተ የማትችሉበት ቀን ሲመጣ ይይዝላችኋል። ከእናንተ የሚፈልገው ክሩን እንድታሳዩት ብቻ ነው።

ሴቶቹ ጣውላውን «ስንዝር» ይሉታል። «ጋሽ ደጀን፣ ስንዝሯን አቀብለን» ይሉኛል፤ እኔም ተነሥቼ አቀብላለሁ። ትናንት ሳቀብል ቆም ብዬ እጄን ዘረጋሁበት። የእኔ እጅ የሾፌር እጅ ነው፤ ከስለቱ አልፎ ይሄዳል። አጠፍኩትና በውስጡ አኖርኩት። ጣውላው የያዘው ሐኪም ቤት ይዤው የሄድኩት ያመመው የአስረሳች እጅ አይደለም። ስንጋባ የያዝኩት እጅ ነው፤ ልኩ ይኸው።